አያ ቅጣውና ባለሦስት እግሯ ካሜራ

እግዚአብሔር ለየከተማው አንድ ያልተሾመ ባለሥልጣን ይመድባል። ይህ ሰው ቢሮ የለውም፣ ማኅተም የለውም፣ ደመወዙም የጎረቤት ትዕግሥት ነው። ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት ይላል። ቤት ስትሠራ ግድግዳህ መጣመሙን የሚነግርህ እሱ ነው። ልጅ ስትወልድ ማንን እንደሚመስል የሚወስነው እሱ ነው። ታመህ ብትተኛ ሐኪም ያላየውን በሽታ በር ላይ ቆሞ አይቶልህ ይሄዳል። እናንተም ሰፈር አለ። የለም የምትሉ ከሆነ ምናልባት እናንተው ናችሁ።

ሰቆጣ ላይ፣ ከአስከተማ የሚመጣው አስፋልት ቁልቁል ወርዶ ከተማ በሚገባበት ጥምዝ ላይ፣ ይህን ከባድ ኃላፊነት የተሸከሙት ክቡር አያ ቅጣው ናቸው። ዘርፋቸው የመኪና ፍጥነት ነው። መንበራቸው የጥሩሐረግ ሱቅ በረንዳ ላይ ያለችው አግዳሚ ናት። ጥሩሐረግ አግዳሚዋን ያሠራችው ለደንበኛ ብላ ነበር። ከአያ ቅጣው ጎን የተቀመጠ ደንበኛ ግን የገዛውን ሳሙና ረስቶ ራሱን ይዞ ስለሚሄድ፣ አግዳሚዋ ውሎ አድሮ የእሳቸው ርስት ሆነች።

«ሰባ ስምንት!» ይላሉ ሚኒባስ ሲያልፍ።

ጥሩሐረግ ዘይቷን ትቀዳለች።

«ሰባ ስምንት ከሩብ» ብለው ያርማሉ፣ ሰው እንዳይሳሳት። «ዓይኔ ቆጣሪ ነው!»

ይህ ቆጣሪ የተባለ ዓይን ከየት መጣ ብትሉ ታሪኩ አጭር ነው። አያ ቅጣው መኪና ነድተው አያውቁም። አንድ ጊዜ፣ በወጣትነታቸው፣ ወደ ወልድያ ሲሄዱ ጋቢና የመቀመጥ ዕድል ገጠማቸውና መንገዱን ሁሉ ዓይናቸውን ከፍጥነት መለኪያው ላይ ሳይነቅሉ ሄዱ። መለኪያው ስልሳ ይላል። ዳገቱን ሲወጡ ስልሳ። ቁልቁለቱን ሲወርዱ ስልሳ። ሹፌሩ መኪናውን አቁሞ ቁርሱን ሲበላም ስልሳ። ሌላ ሰው ቢሆን «መለኪያው ተበላሽቷል» ይል ነበር። አያ ቅጣው ግን ስልሳ ማለት ምን እንደሚመስል ጠግበው አይተው ተመለሱ።

ከዚያ ወዲህ ትምህርቱን በራሳቸው ጥረት አስፋፉ። መኪና ሲያልፍ የመንገደኛው ነጠላ ጫፉ ብድግ ካለ አርባ ነው። ነጠላው ትከሻ ለቅቆ ከዞረ ሰባ። ሄዶ አጥር ላይ ከተሰቀለ መቶ። ነጠላ የለበሰ ሰው ከጠፋ ደግሞ በዶሮ ይለካል። ዶሮዋ ሮጣ ካመለጠች ሃምሳ፣ በርራ ካመለጠች ዘጠና ነው። ካላመለጠች ግን ልኩ አይታወቅም፤ ያን ጊዜ ባለቤቷ ይጮሃል እንጂ ቁጥር የሚጠይቅ የለም።

በመኪና ብቻ ቢወሰኑ ደግ ነበር። በገበያ ቀን ከደሃና ገብስ ጭኖ የሚመጣ አህያ ሳይቀር ይለካል። «ይቺ አራት ናት። ጭነቱ ቢወርድላት ሰባት ትገባለች።» የሠርግ አጃቢ ሲያልፍ «በዚህ አካሄድ ሙሽራዋ ለመልሱም አትደርስ!» ብለው ሚዜ ይቆጣሉ። አንድ ጊዜማ ቀብር ላይ፣ ሁሉም አንገቱን ደፍቶ ሲያለቅስ፣ ወደ ጥሩሐረግ ጆሮ ጠጋ ብለው፣ «ሬሳው በሰዓት ሁለት ነው የሚሄደው። ቄሶቹ ምን ነካቸው?» አሏት። ሳቋ አመለጣት። ልቅሶ ላይ! የሟች እህት እስከ ዛሬ ሳሙና የምትገዛው ከሌላ ሱቅ ነው።

ጥሩሐረግ ይህን ሁሉ የምትችለው ትዕግሥት ተርፏት እንዳይመስላችሁ። ከዚህ የባሰ ጭንቅ ስላለባት ነው። እናቷ እማሆይ ወለተ ጊዮርጊስ ከሱቁ ጀርባ ባለው ቤት አብረዋት ይኖራሉ። ቤተ ክርስቲያኑ ደግሞ ከአስፋልቱ ማዶ ነው። እማሆይ ጠዋት ለኪዳን፣ ማታ ለሠርክ ጸሎት ይሻገራሉ። ጆሯቸው ከሄደ ቆይቷል፤ የመኪና ጡሩንባ ቀርቶ ነጎድጓድ አይሰሙም። «እማሆይ፣ ቤትዎ ሆነው ይጸልዩ» ሲሏቸው፣ «እስከ ዛሬ ያቆየኝ አምላክ መኪና ማቆም ያቅተዋል?» ይላሉ። እዚያ ላይ ክርክሩ ያልቃል።

በፍልሰታ ጾም አንድ ማለዳ ግን አምላክ ሚኒባሷን አላቆማትም። ጥምዙን ዞራ መጥታ የእማሆይን መቋሚያ ከመሐሉ ቀጥፋው ሄደች። እማሆይ የተረፈውን ግማሽ ይዘው መንገዱ መሐል ቆመው ቀሩ። ምን እንደሆነ እንኳ አላወቁም፣ ዘንጉ አርጅቶ የተሰበረ ነው የመሰላቸው። ያወቀችው በረንዳው ላይ የነበረችው ጥሩሐረግ ናት። «ወይኔ እናቴን!» ብላ የጮኸችው ጩኸት ሰፈሩን አስወጣው። ከዚያ ቀን ወዲህ ፍሬን በተንጫረረ ቁጥር በእጇ ያለው ዕቃ ይወድቃል። ሌት እንቅልፍ የላት፣ ቀን ዕረፍት የላት።

እናም አንድ ነገር ብቻ ፈለገች፤ ጥምዙ ላይ ብሬከር እንዲሠራ። ያቺው መኪና የምታዘልል፣ ሹፌር የሚረግማት ጉብታ። ሌላ ከዚህ ዓለም የምትሻው አልነበራትም። ለባለሥልጣናቱ ስታመለክት በትህትና ተቀበሏትና፣ «መኪኖቹ በፍጥነት እንደሚያልፉ ማስረጃ አለሽ?» አሏት።

ይሄኔ አያ ቅጣው ከኋላዋ ብቅ አሉ። ማን እንደጠራቸው ሰይጣን ይወቅ።

«ማስረጃው እኔ ነኝ» አሉ፣ ጋቢያቸውን አስተካክለው። «ጻፍ ልጄ። ሚኒባስ መቶ አርባ። ገልባጭ መቶ ሃያ። ቅጥቅጥ አውቶቡስ ሰው ከጫነች መቶ ሠላሳ አምስት፣ ባዶዋን ከሆነች መቶ ስልሳ። ባጃጅ ዘጠና።»

«ባጃጅ ዘጠና?» አለ ጸሐፊው።

«ቁልቁለት ነዋ!»

ቢሮው በሳቅ ተናጋ። ከጎረቤት ክፍል ሳይቀር ሰው መጥቶ «እስቲ የባጃጇን ይድገሙልን» አለ። እሳቸውም ደገሙላቸው። ጥሩሐረግ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። የእናቷ ነፍስ ያለበት ጉዳይ የመሥሪያ ቤት ቀልድ ሆነ። ወደ ቤት ሲመለሱ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጥላ ሄደች። አያ ቅጣው ግን ደረታቸውን ነፍተው ነበር የሚራመዱት። «አየሽ፣ እንዴት በደስታ እንደተቀበሉን?» አሏት።

ደግነቱ ከሳቁ በኋላ አንድ ልበ ቀና ኃላፊ ነገሩን አልጣለውም። ባለሙያ ሄዶ ይለካው ብሎ ወሰነ። በኅዳር ኢንጂነር ፀደይ መጣች። ቢጫ አንጸባራቂ ሰደርያ የለበሰች፣ ድምጿ ቀጭን፣ እጇ ፈጣን የሆነች ወጣት ናት። ባለሦስት እግር ማቆሚያ ዘረጋችና ካሜራዋን ሰቀለችበት። ከመንገዱ ዳር ሁለት ድንጋይ አስቀምጣ በመሐላቸው ያለውን ርቀት በሜትር ለካች።

አያ ቅጣው እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ካሜራዋን ዞሯት። በሬ ሊገዙ የመጡ ይመስሉ ነበር፤ ጥርሷን ልይ አለማለታቸው።

«ልጄ፣ ይቺ ዕቃ ፍጥነት ታውቃለች?»

«እሷ አታውቅም፣ አባቴ። እሷ ፎቶ ነው የምታነሳው፣ በየሴኮንዱ ሠላሳ። መኪናው ከዚያኛው ድንጋይ ተነሥቶ እዚህኛው እስኪደርስ ስንት ፎቶ እንዳለፈ እኔ እቆጥራለሁ። በድንጋዮቹ መሐል ያለው ሃያ ሜትር ነው። የቀረው ማካፈል ነው።»

ይህን ስትል ሚኒባስ መጣች። አያ ቅጣው ዓይናቸውን አጥብበው «ሰማንያ ዘጠኝ!» ብለው ፈረዱ። ፀደይ ላፕቶፗን ከፍታ ምስሉን አንድ በአንድ እያሳለፈች ቆጠረች።

«አርባ ፎቶ። ሃምሳ አራት ኪሎ ሜትር በሰዓት።»

«አርባ ፎቶ!» አሉ አያ ቅጣው ክው ብለው። «ለአንድ ሚኒባስ? እኔ ሳገባ የተነሣሁት አንድ ነው፤ እሱም ራሴን ቆርጦታል!»

«ሃምሳ አራት ነው፣ አባቴ።»

«ከሩቅ መጥታ ደክሟት ነው» አሉ ካሜራዋን በርኅራኄ እያዩ። «ትረፍ። ነገ ይሻላታል።»

ጥሩሐረግ ግን ልቧ ዘለለ። «ሃምሳ አራት ይበቃል? ብሬከር ያሠራል?»

«እዚህ ጥምዝ ላይ ከሠላሳ ማለፍ አልነበረበትም» አለች ፀደይ። «ግን በአንድ መኪና አይፈረድም። ነገ ሙሉ ቀን ቀርጬ አማካዩን አወጣለሁ። አማካዩ እንዲህ ከሆነ ማንም አይከለክላችሁም።»

በማግስቱ ፀደይ ለካሜራው ጎልቶ ይታይ ብላ በድንጋዮቹ ፋንታ አስፋልቱን ከዳር እስከ ዳር በነጭ ቀለም ሁለት ቦታ አሰመረችበት። ሐሳቡ መልካም ነበር። ያላሰበችው የእኛን አገር ሹፌር ነው። ይህ ሹፌር በእነዚህ ዓመታት ስንት ገመድ፣ ስንት ኬላ አልፏል! መንገድ ላይ የተጋደመ ነገርና አጠገቡ ሰደርያ የለበሰ ሰው ካየ፣ እግሩ ሳይነግሩት ፍሬን ላይ ይወጣል።

የመጀመሪያዋ ቅጥቅጥ መጣች። ነጩን መስመር ስታይ ጎማዋ ሳይነካው ቀጥ አለች። ረዳቱ ዘሎ ወረደ። «ፍተሻ ነው! ውረዱ! መታወቂያ በእጃችሁ!» ተሳፋሪው ተንጋግቶ ወርዶ፣ ወንዱ በአንድ ወገን፣ ሴቱ በሌላ ወገን ተሰለፈ። ያዘዘው ሰው የለም።

«ኧረ ምንም የለም! እለፉ! ውጡ ወደ መኪናችሁ!» እያለች ፀደይ እጇን ታወናጭፋለች። እጇን ባወናጨፈች ቁጥር ሰልፉ ይብስ ይስተካከላል።

ታዲያ እንዲህ ባለ ቦታ ላይ ጋቢ የለበሰ፣ ከዘራ የያዘ፣ ፊቱን ያኮሳተረ ሽማግሌ የታየ እንደሆነ ሰው ምን ያስባል? ከሰልፉ ፊት የነበረው ሰው መታወቂያውን ለአያ ቅጣው ዘረጋላቸው። እስቲ እናንተ ፍረዱ፤ ዕድሜውን ሙሉ ሲጠብቀው የኖረ ሹመት በእግሩ ሲመጣለት እንቢ የሚል አንጀት ያለው ማን ነው? አያ ቅጣው ተቀበሉ። አገላበጡ። ፎቶውንና ሰውየውን አስተያዩ።

«የጋዝጊብላ ሰው ነህ?»

«አዎን ጌታዬ።»

«የማን ልጅ?»

«የገብረ ጻድቅ።»

«ገብረ ጻድቅ ደኅና ነው? በል እለፍ። ሹፌሩን ግን ጥራልኝ፤ ቁልቁለቱ ላይ ሰባ ሦስት ሲያደርግ አይቸዋለሁ።»

ይህ ሳያንስ እማሆይ ከኪዳን ወጡና ከማዶ ቆሙ። እማሆይ እሳቸው ስለማይሰሙ ሌላውም የማይሰማ ይመስላቸዋል፤ ሲጣሩ ድምፃቸው ከደወል ያይላል። ደግሞም አያ ቅጣውን በሕፃንነታቸው አዝለው ያሳደጓቸው ናቸውና «አያ» የሚባል ነገር ከአፋቸው አይወጣም። አዲሱን መቋሚያቸውን ወደ መንገዱ ቀስረው በሙሉ ሳንባቸው ተጣሩ።

«ቅጣው! ኧረ ቅጣው!»

አባታቸው ልጁን ቅጣው ብሎ ሲሰይም ማንን ማስቀጣት እንዳሰበ አይታወቅም። ሹፌር ግን ይህን ሲሰማ የሰው ስም አይመስለውም። ትራፊክ ፖሊስ ባለበት አገር «ቅጣው!» ተብሎ ሲጮህ፣ የሚቀጣው ማን እንደሆነ የሚጠይቅ ሹፌር የለም፤ ሁሉም ራሱን ያውቃል። ቁልቁል ሲምዘገዘግ የነበረ ገልባጭ ፍሬኑን ረግጦ እየተጎተተ መጣ። ሹፌሩ አንገቱን በመስኮት አወጣ።

«እማሆይ፣ ምን አጠፋሁ? ቀበቶዬን አስሬያለሁ እኮ! ስለ ጊዮርጊስ ብለው ይማሩኝ!»

እማሆይ መቼ ሰምተው! «ቅጣው!» አሉ እንደገና፣ አሁንስ ተቆጥተው።

ወሬው ከመኪናው ቀድሞ አስከተማ ገባ። ሰቆጣ መግቢያ ላይ አዲስ ኬላ ተተክሏል፣ ሽማግሌ ይፈትሻል፣ መነኩሲት ታስቀጣለች ተባለ። ከዚያ በኋላ የመጣው መኪና ሁሉ ጥምዙን የዞረው አሥርቱን ትእዛዛት ጠብቆ ነው። አንዱማ ወርዶ መኪናውን ሊገፋ ምንም አልቀረው።

ሲመሽ ፀደይ ሒሳቧን ሠርታ ቀና አለች።

«አማካዩ አሥራ አንድ ነው።»

«አሥራ አንድ ምን?» አለች ጥሩሐረግ።

«ኪሎ ሜትር በሰዓት። ይህን ይዤ ብገባ ብሬከር አይደለም፣ ዋንጫ ነው የሚላክላችሁ።» ፀደይም አዝና ነበር። «የቀረኝ ነገ ብቻ ነው። ከነገ ወዲያ ለሥራ ጽጽቃ እሄዳለሁ።»

ጥሩሐረግ ደሟ ፈላ። አግዳሚው ላይ ተቀምጠው የተሳፋሪ መብዛት ያደከማቸውን አያ ቅጣውን ገጠመቻቸው።

«አያ ቅጣው! እናቴን ካላስገደልኩ ብለው ተነሥተዋል? ቢሮ ገብተው መቶ አርባ ብለው አሳቁብኝ! አሁን ደግሞ አሥራ አንድ አደረጉልኝ! እባክዎን፣ ስለ ፈጣሪ፣ የሰው ነገር ይተዉ! ለአንድ ቀን እንኳ አፍዎን ይዝጉ!»

አያ ቅጣው ከዘራቸውን አንሥተው ቀስ ብለው ወደ ቤታቸው አቀኑ። በዚያች ሰዓት ባጃጅ አለፈች፤ ዞር ብለው እንኳ አላዩዋትም።

ፀደይ ላፕቶፗን ወደ ጥሩሐረግ አዞረች። «ከጠዋት ጀምሮ ልጠይቅሽ ፈልጌ ነበር። ዛሬ ጎሕ ሲቀድ፣ መስመሩን ሳላሰምር፣ ካሜራዋን ስሞክር የተቀረጸ ነው። እኒህ ሽማግሌ ምን እያደረጉ ነው?»

ጥሩሐረግ አየች። እማሆይ ከመንገዱ ዳር ቆመው ይጣራሉ፤ ድምፅ የለውም፣ አፋቸው ብቻ ነው የሚታየው። ከታች አያ ቅጣው እየሮጡ መጡ። እኒያ ሲቀመጡ የሚያቃስቱት፣ ሲነሡ ሰው የሚደግፋቸው አያ ቅጣው እየሮጡ! አንድ እግራቸው ጫማ የለውም። መንገዱ መሐል ገብተው ፊታቸውን ወደ ጥምዙ መለሱ፤ ጋቢያቸውን በሁለት እጃቸው ዘርግተው ቆሙ። የመኪና መብራት መጣ፣ ጋቢው ላይ አረፈ፣ ቆመ። እማሆይ በዝግታ ተሻገሩ። ሲያልፉም ጥግህን ያዝ እንደማለት በመቋሚያቸው ቋንጃቸውን ነካ አደረጓቸው። አያ ቅጣው ሹፌሩን ለማመስገን አጎነበሱ፤ ከዚያ ሄደው አግዳሚው ላይ ቁጭ አሉ፣ እንዲያው ለመቀመጥ ብቻ የመጡ ይመስል።

ጥሩሐረግ በዚያ ሰዓት ብዙውን ጊዜ ከጓሮ ናት፤ ላሟን ታልባለች። የእናቷን ጥሪ ጠዋት ጠዋት ትሰማለች። እሷ ግን ሲቆጧቸው ይመስላት ነበር፤ ማን የማይቆጣቸው አለ ብላ! አሁን ሌላም ነገር ትዝ አላት። መቋሚያው የተሰበረ ዕለት አያ ቅጣው አገር ውስጥ አልነበሩም። ለእህታቸው ተዝካር ደሃና ሄደው ነበር።

አፈረች። ነጠላዋን ሳታስተካክል ወደ ቤታቸው ሄደች።

አያ ቅጣው ደጃፋቸው ላይ ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል።

«አያ ቅጣው፣ ይቅር ይበሉኝ።»

«ለምኑ?»

«እማሆይን በየማለዳው እርስዎ እንደሚያሻግሯቸው አላውቅም ነበር።»

«እሱማ» አሉ፣ መሬት መሬት እያዩ፣ «ሥራ የለኝም እኮ።»

ጥሩሐረግ እንባዋ መጣ፤ ግን የመጣችበት ጉዳይ አለና ዋጠችው። ነገ ካሜራው እስኪነሣ ድረስ መንገዱ እንደ ወትሮው መሆን እንዳለበት ነገረቻቸው። እማሆይ እንዳይጣሩ፣ እሳቸውም እንዳይታዩ።

«ቀኑን ሙሉ?»

«ቀኑን ሙሉ።»

«አንድ ቁጥር እንኳ ሳልናገር?»

«ዝም አይነቅዝም ይባላል፣ አያ ቅጣው።»

«ዝምታውማ አይነቅዝም» አሉ። «ሰውየው ነው የሚነቅዘው።»

ግን እሺ አሉ።

በማግስቱ ካሜራው ሳይከፈት እማሆይን አሻገሯቸውና የቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ አብረው ገቡ። መንገዱ ከማይታይበት፣ ነገር ግን እያንዳንዱ መኪና ከሚሰማበት ግንብ ሥር እስከ ማታ ተቀመጡ። ፀደይ ሰደርያዋን አወለቀች፣ ነጩን መስመር አፈር አለበሰችው፣ ወደ ድንጋዮቿ ተመለሰች። ካሜራዋንም ከሱቁ መስኮት ሥር በሳሙና ካርቶኖች መሐል ሸሸገቻት።

መኪኖቹ ኬላው መነሣቱን ሰሙና ወደ ተፈጥሯቸው ተመለሱ። ሚኒባሱ በጥምዙ ተንጫረረ። ገልባጩ ጠጠር እየረጨ ወረደ። ጥሩሐረግ መስኮቱ ሥር ቆማ፣ እናቷን ሊገድል የሚችል መኪና በሮጠ ቁጥር «ተመስገን!» ትል ነበር። ቀርፈፍ ብሎ የሚሄድ ሲመጣ ትራገማለች። «ምን ሆነህ ነው አንተ፣ ንዳው እንጂ!» እንዲህ ያለ ጸሎት እግዜርም ሰምቶ አያውቅም። ከሰዓት በኋላ ደግሞ አንዲት ቅጥቅጥ ሽው ብላ ስታልፍ ሳታስበው «ሰባ!» አለች። ወዲያው አፏን በእጇ ያዘች። ይህ ነገር ይተላለፋል እንዴ?

«ስልሳ ስድስት» አለች ፀደይ እየሳቀች።

ሲመሽ አማካዩ ሃምሳ ስምንት መጣ። ፀደይ «ጨርሰናል፤ በዚህ ላይ የሚከራከር የለም» አለች። ጥሩሐረግ አቅፋ ሳመቻት፣ ካሜራዋንም ልትስም ምንም አልቀራት።

እማሆይና አያ ቅጣው ተሻግረው መጡ። እማሆይ ገና ከደጅ ነው የጀመሩት።

«ይህ ልጅ ታሟል! ቀኑን ሙሉ ከጎኔ ተቀምጦ ከንፈሩ አልተነቃነቀም። ኧረ ጠበል አስጠምቁት!»

«ስንት መጣ?» አሉ አያ ቅጣው። ድምፃቸው ሳይናገሩ ከመዋላቸው የተነሣ ሻክሯል።

«ሃምሳ ስምንት።»

መቶ አርባ ምላሳቸው ጫፍ ላይ ደርሳ ነበር፣ ሁሉም አዩዋት። አያ ቅጣው ጥሩሐረግን ተመለከቱ፣ እማሆይን ተመለከቱ፣ ምራቃቸውን ዋጡ።

«ሃምሳ ስምንት» አሉ። «ይሁን።»

ከጥምቀት በኋላ ብሬከሩ ተሠራ። ወፍራም፣ ክፉ፣ የሹፌር ሁሉ እርግማን የሚወርድበት፣ ያማረ ብሬከር ነው። እማሆይ አሁን ማንንም ሳይጠሩ ይሻገራሉ፤ መኪናው ራሱ አጎንብሶ ያሳልፋቸዋል። «አላልኳችሁም? አምላክ መኪና ማቆም አያቅተውም» ይላሉ። ጥሩሐረግ እንቅልፍ ተኛች።

አያ ቅጣው መጀመሪያ ሰሞን ጉብታውን በእጃቸው ያቦኩት ይመስል እንግዳ ሲያስጎበኙ ከረሙ። ከዚያ ወደ አግዳሚያቸው ተመለሱና ሥራ ጀመሩ። ሚኒባስ መጣች። «አሥር» አሉ። ገልባጭ መጣ። «አሥር።» ቅጥቅጥ መጣች። ጉብታውን ስትወጣ አዩዋት፣ ስትወርድ አዩዋት። «እሷም አሥር።» ነጠላ ብድግ አይል፣ ዶሮ አይበርር። ቀስ በቀስ ቁጥሩ ቆመ። ፊታቸውን ወደ ሱቁ ግድግዳ አዙረው መቀመጥ አመጡ። ጠዋት ያረፍዳሉ፤ አንዳንድ ቀንም ጭራሽ ይቀራሉ። ደንበኛ አግዳሚው ላይ እየተቀመጠ ሳሙናውን ሳይረሳ ይሄዳል። ጥሩሐረግ ለዓመታት የተሳለችለት ጸጥታ መጣላት። ልትችለው አልቻለችም። ሱቁ ውስጥ የሚሰማው የሚዛኑ ሲጥሲጥታ ብቻ ሲሆን፣ አንድ ሰው የሞተባት ነበር የሚመስላት።

ሰኔ ገባ። አንድ ቀን ከቀትር በኋላ በተራራው በኩል ጥቁር ደመና ተነሣ። ጥሩሐረግ ያጠበችው ልብስ ከነውኃው ገመድ ላይ ተሰጥቷል። በሩ ላይ ቆማ ደመናውን አየች፣ አያ ቅጣውንም አየች።

«አያ ቅጣው፣ ያ ደመና ስንት የሚሄድ ይመስልዎታል?»

«እኔ ምን አውቃለሁ» አሉ ግድግዳውን እያዩ። «ካሜራዋን ጠይቂ።»

«ካሜራዋ ሄዳለች። እኔ የምጠይቅ እርስዎን ነው። ልብስ አስጥቻለሁ እኮ!»

ቆይተው ቀስ ብለው ዞሩ። ዓይናቸውን አጠበቡ። ከዘራቸውን ወደ ተራራው ቀስረው ለኩ፣ ጣታቸውን አርጥበው ነፋሱን ቀመሱ፣ የጎረቤትን ዶሮ በጥርጣሬ አዩ።

«አርባ ሁለት» አሉ። ትንሽ አሰቡና፣ «አርባ ሁለት ከግማሽ። ቶሎ በይ፣ ደርሶብሻል! አስገቢ!»

ጥሩሐረግ እየሮጠች ልብሱን ሰብስባ አስገባች። አያ ቅጣው በረንዳው ላይ ቆመው «በግራ በኩል ያለውን ቀድመሽ!» እያሉ ያዝዛሉ። ደመናው ተራራው ላይ ትንሽ አንዣበበና ወደ ተከዜ አዘነበለ። ጠብታ አልወረደም። ፀሐይዋ እንደነበረች ግቢውን አቃጠለችው።

ጥሩሐረግ ውኃ የሚንጠባጠበውን ልብስ እንደታቀፈች በበሩ ብቅ አለች። ሰማዩን አየች። ከዚያ አያ ቅጣውን አየች፤ ከስንት ወር በኋላ ደረታቸው ቀና ብሏል።

«ለትንሽ ነው ያመለጥን፣ አያ ቅጣው» አለቻቸው።